ፍራግ ምንድን ነው? ኮራል በሴንቲሜትር ለምትገዙ

«ጥፍር ለምታክል ኮራል 80 ዶላር? ቡጢ የሚያክለው እኮ እዚያው ጎኑ 60 ነው። ዘረፋ!»

ለቤት አኳሪየም የሚሆን ኮራል ለሽያጭ በተለጠፈበት ሁሉ እንዲህ የሚል አይጠፋም። ሰሞኑን ደግሞ አንዱ ጨመረበት። ፍራግ የተሰበረ ኮራል ስለሆነ ዋጋው በግማሽ መውረድ አለበት አለ። ብዙ ላይክም አገኘ። ዝም ማለት አቃተኝ።

ኮራል እንስሳ ነው፣ ጨው ውሃና ጠንካራ መብራት ይፈልጋል የሚለውን እዘለዋለሁ። ፍራግ ማለት ከእናት ኮሎኒ (ካደገ ትልቅ ኮራል) ተቆርጦ፣ በሱፐር ግሉ ፕላግ በሚባል ትንሽዬ የሸክላ መቆሚያ ላይ ተጣብቆ፣ ቁስሉ ድኖ፣ ራሱን ችሎ ማደግ የጀመረ ኮራል ነው። በዘረመል ከእናቱ አይለይም። ባሕር ውስጥም ማዕበል ቅርንጫፉን ሲሰብረው ቁራጩ በወደቀበት ተጣብቆ ሊያድግ ይችላል። ስለዚህ መቆረጡ ጉድለት አይደለም፤ ለቅናሽም ምክንያት አይሆንም።

እርሾን አስቡት። ከጎረቤት እርሾ የተቀበለ ሰው «ይቺ እኮ ግማሽ ኩባያ ናት» ብሎ አይከራከርም። የፈለገው ሊጡ እንዲቦካለት ነው። ፍራግም የሚገዛው ነገ ለሚሆነው ኮሎኒ ነው እንጂ ዛሬ ለሚታየው ሁለት ሴንቲሜትር አይደለም። አሁን ደግሞ አንዱ እርሾ በሦስት ቀን የሚያቦካ፣ ሌላው ዓመት የሚፈጅ ቢሆንስ? ዜንያና አረንጓዴ ስታር ፖሊፕ የሚባሉት ኮራሎች የመጀመሪያው ዓይነት ናቸው። ድንጋዩን ሸፍነው መስታወቱ ላይ ይወጣሉ። ባለቤቱ «ኧረ ውሰዱልኝ» እያለ በነፃ ያድላል። ባውንስ የሚባለው እንጉዳይ መሰል ኮራል ግን ብርቅ ነው፤ ለመባዛትም አይቸኩልም። አንዱ ብቻውን መቶዎች ዶላር ሲያወጣ የኖረው ለዚህ ነው።

ስም ያወጡትም አሉ። «ዋልት ዲስኒ» የሚባለው ባለብዙ ቀለም አክሮፖራ (ድንጋያማ ኮራል ነው) እርሾዋ በሰፈሩ እንደተመሰከረላት ሴት ነው፤ ሁሉም ከእሷ ቤት ካልሆነ ይላል። እርሾው በየቤቱ ሲገባ ደግሞ ዋጋው ይወርዳል። ስለዚህ አዲስ ስም እንደወጣ የሚሮጥ ሰው ከዋጋው ላይ ብዙውን የሚከፍለው ላለመጠበቅ ነው። ትዕግስት ያለው በርካሽ ያገኘዋል። ምሳሌዬ የሚያነክሰው ግን እዚህ ጋ ነው፤ እርሾ ጎረቤቱን አይናደፍም። ቶርች ኮራል ሌሊት ረጃጅም ክንዶቹን ዘርግቶ አጠገቡ ያለውን ያቃጥላል። ከእሱ ቢያንስ አንድ ስንዝር አርቃችሁ ትከሉ።

ታዲያ ቡጢ የሚያክለው ለምን ረከሰ? አብዛኛውን ጊዜ በቀጥታ ከባሕር ወይም ከባሕር እርሻ የመጣ ስለሆነ ነው። ኢንዶኔዥያና አውስትራሊያ ትልልቆቹ ምንጮች ናቸው። ያሳደገው ባሕሩ ነው፤ ሻጩ ዓመት ሙሉ የመብራት ሂሳብ አልከፈለበትም። ግን የእናንተን ውሃ አያውቅም፣ ጉዞው አዳክሞታል፣ ምን ተባይ ይዞ እንደመጣም አይታወቅም። ደግሞ ድንጋያማ ኮራሎች በሙሉ የብርቅዬ እንስሳትና ዕፅዋትን ንግድ በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ የሳይተስ ስምምነት አባሪ 2 ውስጥ ስላሉ ያለ ፈቃድ ድንበር አይሻገሩም። ኢንዶኔዥያ እ.ኤ.አ. በ2018 የኮራል ኤክስፖርቷን አቁማ እስከ 2020 መጀመሪያ ስትዘጋ አሜሪካ ውስጥ የቶርች ዋጋ ጣሪያ ነካ። ያው አንድ ራስ ቶርች ነው። ቁመቱ አንድ ሚሊሜትር አልጨመረም።

እኔን በእውነት የሚያናድደኝ ሌላ ነው። አንዳንዱ ሻጭ ሰኞ ከአየር ማረፊያ ኮሎኒ ያነሳል፣ ማክሰኞ በመጋዝ ይከፋፍላል፣ ሐሙስ «ቤት ያደገ ፍራግ» ብሎ ይልካል። ዋጋው ላይ የሚጮሁት ሰዎች ይሄን ሲያዩ ትንፍሽ አይሉም። ስለዚህ ፕላጉን በጎን በኩል እዩት። የዳነ ፍራግ ሥጋው ሙጫውን አልብሶ ወደ ሸክላው መውረድ ጀምሯል፤ ጠርዙ እንደ ቀጭን ቀሚስ ተዘርግቶ ይታያል። ትናንት የተቆረጠው ሙጫው ያብረቀርቃል፣ የተቆረጠበት ቦታም ነጭ አጥንት ሆኖ ይታያል። የአክሮፖራ ጫፍ ላይ ያለ ነጣ ያለ ቀለም ግን የዕድገት ምልክት ነውና ሻጩን ያለ ጥፋቱ እንዳትወነጅሉት። ሐመር የሚባለው የቶርች ዘመድ ከሆነ ቅርንጫፋማ ይሁን ግድግዳማ ጠይቁ። ቅርንጫፋማው ከሥጋው በታች ባለው ባዶ አጥንቱ ላይ ስለሚቆረጥ መጋዙ ሥጋ አይነካም። ግድግዳማው ሥጋው መሀል ይሰነጠቃል፤ ብዙ ጊዜም ቁስሉ ወደ ቡናማ ዝልግልግ ነገር ተለውጦ ይሟሟል።

ፍራጉ እንደመጣ መድኃኒት ውስጥ መንከር ጥሩ ነው፤ ግን የተባይ እንቁላል አይገድልም። አክሮፖራ የሚበላው ጠፍጣፋ ትል እንቁላሉን የሚጥለው ግርጌው ላይ ባለው ባዶ አጥንት ነው። ፕላጉን ነቅላችሁ ጣሉ፣ ግርጌውንም በደንብ መርምሩ።

ስለ ወጪ ካነሳን፣ የአንድ ሌሊት ማጓጓዣው ብዙ ጊዜ ከፍራጉ ይበልጣል። 15 ዶላር ለምታወጣ ዞአ (ትንንሽ አበባ መሰል ኮራል) 40 እና 50 ዶላር መላኪያ ከመክፈል በአቅራቢያችሁ ካሉ አርቢዎች ጋር መለዋወጥ ይሻላል። የውሃችሁ ጨዋማነት 35 ppt፣ አልካሊኒቲው (አሲድ የመቋቋም አቅሙ) 8 ወይም 9 dKH፣ ካልሲየሙ ከ400 እስከ 450 ppm ላይ ካልረጋ ደግሞ ያንኑ ፍራግ ደጋግማችሁ ትገዛላችሁ። መጀመሪያ መለኪያውን ግዙ።

እስራኤል ያላችሁ «ኢላት ወርጄ ትንሽ ብቆርጥስ?» እንዳትሉ። ኮራሉ በሕግ የተጠበቀ ነው፣ ከባሕሩ ዳር የወደቀውን ማንሳትም አይቻልም።

አንድ ያልተጠየቅኩት ነገር ልጨምር። ዞአና ዘመዱን ፓሊቶአን ራሳችሁ የምትቆርጡ ከሆነ ኩሽና ውስጥ አታድርጉት። አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የሚባል ከባድ መርዝ አላቸው። ጓንትና የዓይን መከላከያ አድርጉ። እነሱ ያሉበትን ድንጋይ ደግሞ ለማጽዳት ብላችሁ እንዳትቀቅሉ፤ በእንፋሎቱ ሆስፒታል የገቡ ሰዎች አሉ። ትኩሳት፣ ሳልና የትንፋሽ ማጠር ከመጣ ወዲያው ሐኪም ቤት ሂዱ፣ ምን ስትነኩ እንደነበርም በስሙ ንገሩ። ሐኪሙ ስለ አኳሪየም መጠየቅ ላይመጣለት ይችላል።