ምስባክ በሰሜን ሸዋ

ምስባክ በቅዳሴ ከወንጌል ንባብ አስቀድሞ፣ ከመዝሙረ ዳዊት ተመርጦ በግእዝ የሚዜም ክፍል ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ስንኝ ነው። ዲያቆኑ ያሰማል፣ ካህናቱና ሕዝቡ ይቀበላሉ። ከበሮ የለ፣ ጸናጽል የለ፣ የሰው ድምፅ ብቻ ነው።

የየዕለቱን ምስባክ የሚያወጣው የዓመቱን ንባብ በየዕለቱ የሚያደራጀው መጽሐፍ፣ ግጻዌ ነው። ከዕለቱ ወንጌል ጋር የሚስማማውን ስንኝ ስለሚመርጥ አንዳንዴ ከሁለት ቁጥር ያጣምራል። የዐቢይ ጾም መጀመሪያ እሑድ ዘወረደ «ተቀነዩ ለእግዚአብሔር በፍርሃት፤ ወተሐሠዩ ሎቱ በረዓድ» ይልና፣ ሦስተኛውን ስንኝ «አጽንዕዋ ለጥበብ»ን ከቀጣዩ ቁጥር ያመጣል። የግእዙ ዳዊት አቆጣጠር የሰብዓ ሊቃናትን፣ ማለትም የጥንቱን የግሪክ ትርጉም፣ ስለሚከተል በሌላ ትርጉም 23ኛ የሚባለው መዝሙር እዚህ 22ኛ ነው። ጥቅሱን በቁጥር የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ዜማው በትውፊት የቅዱስ ያሬድ ነው። የዘመኑ መዘምራን ድምፅ በድምፅ ላይ እንደሚደርቡት አይደለም፤ መቶ ሰው ቢቀበልም ዜማው አንድ ነው። ውበቱ በአንዲቱ መስመር ውስጥ ነው። ርክርክ በተባለው የዜማ ምልክት ላይ ድምፁ ተንቀጥቅጦ ይወርዳል፣ ቁርጥ በተባለው ላይ ድንገት ይቆማል። «ተቀነዩ» የምትለው አንዲት ቃል ብትነበብ በአንድ ትንፋሽ ታልቃለች፤ ስትዜም ግን ዲያቆኑ ትንፋሹን አስልቶ ካልጀመረ መሃል ላይ ይጥላታል። ያኔ አረጋዊ መሪጌታ ከኋላ ሆነው በዝግታ ያነሡለታል።

ምስባክ ዓመቱን ሙሉ ያለ መሣሪያ ነው፤ ከቅዳሴው በፊት በሚቆመው ማኅሌት ግን ዝምታው የሚመጣው በዐቢይ ጾም ነው። ከበሮና ጸናጽል ይቀመጣሉ፣ የጾሙ የዜማ መጽሐፍ ጾመ ድጓ ያለ መሣሪያ በሚዜመው ቁም ዜማና መቋሚያ እያወዛወዙ በሚዜመው ዝማሜ ይባላል። በደብረ ብርሃን ብርድ ገና ሳይነጋ ነጠላውን የተከናነበው ምእመን ለወትሮው ከበሮው ይቀሰቅሰው ነበር፤ በጾሙ ግን ቃሉን ለመለየት ጆሮውን መጣል ግድ ይለዋል።

አካባቢው ለዜማ ባዳ አይደለም። በሰላሌ በኩል አቡነ ተክለ ሃይማኖት በ13ኛው ክፍለ ዘመን የመሠረቱት ደብረ ሊባኖስ አለ። የአቋቋም፣ ማለትም የማኅሌት ዜማና እንቅስቃሴ፣ ሊቃውንትም ከጎንደሮቹ ስልቶች ከላይ ቤትና ከታች ቤት ጎን የሰሜን ሸዋውን የተጉለት ስልት ያነሣሉ። ጆሮው የለመደ ሰው መቋሚያው ሲነሣና ሲወርድ አይቶ የማን ተማሪ እንደሆነ ይለያል፤ ምስባኩን ግን ከየትም ይምጣ አብሮ ይቀበላል።