ስለ ቅሊቱ ደስ ያለው ነቢይ

ሙቀቱ በበረደበት ሌሊት ከእንቅልፌ የቀሰቀሰኝ መጋረጃው ነበር። ለብዙ ሌሊት እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ የከረመው ጨርቅ ነፍስ ዘርቶ ከፍ ዝቅ ይላል። ነፋሱ ላብ ያጠመቀውን አንገቴን ሲነካው «እሰይ!» ብዬ ጎኔን ለወጥሁና ተመልሼ ተኛሁ። «ተመስገን» አላልሁም። ይህ የከነከነኝ በማግስቱ ትንቢተ ዮናስን ስከፍት ነው።

ወገኖቼ፣ ምዕራፍ አራትን ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ነቢዩ ከከተማይቱ ወጥቶ በስተ ምሥራቅ ተቀምጧል። እግዚአብሔር ቅል አበቀለለት፤ ጥላም ሆነችው። «ዮናስም ስለ ቅሊቱ እጅግ ደስ አለው» ይላል (ዮና. 4፥6)። በመጽሐፉ ሁሉ ዮናስ ደስ እንዳለው የተጻፈው እዚህ ብቻ ነው። ነነዌ ስትድን ተከፋ፣ ቅል ስትበቅል ተደሰተ። በደስታው አልፈርድበትም። ፀሐይ አናቱን ስትመታው ለዋለ ሰው ጥላ ትንሽ ነገር አይደለም፤ የሰጠውም አምላክ «ከጭንቀቱ ታድነው ዘንድ» ብሎ ነው የሰጠው።

የሚያስደነግጠኝ ከደስታው በኋላ ያለው ዝምታ ነው። አንድ የምስጋና ቃል አልተጻፈም። ይህ ሰው እኮ በዓሣው ሆድ ውስጥ ሆኖ «እኔ ግን በምስጋና ቃል እሠዋልሃለሁ» ብሎ ነበር! በጥልቁ የተሳለውን በጥላው ሥር ረሳው። በማግስቱ ትል ቅሊቱን ሲመታት፣ ትኩሱም የምሥራቅ ነፋስ ሲነፍስ ግን አፉ ተከፈተ። ሞትን ለመነ፤ ቁጣውም እስከ ሞት ድረስ እንደሚገባው ተከራከረ።

እኛስ? በሙቀቱ ሰሞን ጸሎታችን እንዴት ያለ ነበር! «ጌታ ሆይ፣ ማረን» ያላለ አልነበረም። አየሩ ከቀዘቀዘ በኋላ በተሰበሰብንበት ጉባኤ ግን ስለ ነፋሱ ያመሰገነ አንድ ሰው አልሰማሁም። የሰማሁት ስለ መብራት ሂሳብ የሚያማርሩ ድምፆችን ነው። (መምህር ተብዬው እኔም ፊት ለፊት ቆሜ አላነሣሁትም።) ለምስክርነት የምንነሣው ሥራ ስናገኝ፣ ከደዌ ስንፈወስ ነው። ባዶ እግርን በቀዝቃዛ ወለል ላይ ማሳረፍ፣ የበሰለ ፍሬ ገምጦ ጭማቂውን ከክርን ላይ መጥረግ፣ ሕፃን ሳይነጫነጭ ሲያንቀላፋ ማየት፣ ይህ ሁሉ ምስክርነት አይመስለንም። ጌታችን ግን በማቴዎስ ወንጌል ዋጋው አይጠፋም ያለለት ጽዋ የውኃ ጽዋ ነው፤ ያውም «ቀዝቃዛ» ብሎ ለይቶ ተናግሯል። የተጠማን ጉሮሮ ያውቀዋላ!

ያ ነፋስ ደግሞ ቅንጦት አልነበረም። ላባችን ከቆዳችን ላይ ሲተን ሙቀታችንን ይዞልን ይሄዳል። አየሩ ረግቶ በእርጥበት ሲሞላ ግን ላቡ ይወርዳል እንጂ እንደሚገባው አይተንም፤ ሰውነትም ከውስጥ ይግላል። ሌሊቱም ካልቀዘቀዘ ልብ የምታርፍበት ሰዓት ታጣለች። ጎኔን ለውጬ የተኛሁት እንግዲህ ከዚህ ድኜ ነው።

በሙቀቱ ሰው የሞተባችሁ ግን ይህ ተግሣጽ ለእናንተ አይደለም። እናንተ አልቅሱ፤ ጌታ ራሱ በአልዓዛር መቃብር አልቅሷል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 በአውሮፓ በወረደው ሙቀት ከ70,000 በላይ ሰዎች እንደሞቱ ተቆጥሯል፤ አብዛኞቹ አረጋውያን ነበሩ። ብቻቸውን በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሞቱም ብዙ ናቸው።

ይህን ሳስብ ወደ ቅሊቱ እመለሳለሁ። ጥላዋ የምትበቃው ለአንድ ራስ ነበር። እግዚአብሔር ሲመልስለት የሚናገረው ግን ቀኝና ግራቸውን ስለማይለዩ ከመቶ ሃያ ሺህ ስለሚበልጡ ሰዎችና ስለ እንስሶቻቸው ነው። ዮናስ ስለ ራሱ ጥላ ሲያዝን አምላኩ ከተማይቱን ያሳየዋል። ለነፋሱ ያላመሰገነ ሰው ነፋስ ያልደረሰውን ጎረቤቱንም አያስታውስም፤ ከራሴ አውቀዋለሁ።

ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ ብቻቸውን የሚኖሩ አንድ አዛውንት አሉ። ሽማግሌ ሰው ጥማቱ እንደ ወጣት እንደማይሰማው እያወቅሁ፣ በዚያ ሁሉ ሙቀት አንድ ቀን እንኳ በራቸውን አላንኳኳሁም። የሄድሁት ከበረደ በኋላ ነው። እርጥብ ፎጣ በአንገታቸው ላይ ጠምጥመው፣ እግራቸውን በውኃ ሳፋ ውስጥ ነክረው ሰነበቱ። «ሌሊት ነፋሱ ሲገባ ‹ተመስገን!› ብዬ ስጮኽ ጎረቤት የሚሰማ መስሎኝ አፈርሁ፣ ልጄ» አሉኝና ሳቁ።

ከዚያም በመስኮቱ ደፍ ላይ አሳድረው ያቀዘቀዙትን ውኃ በሁለት ብርጭቆ ቀዱ። አንዱን በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። የራሳቸውን ከፍ አድርገው ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ፤ አማተቡ፤ ከዚያ ተጎነጩ። እኔ ያስታወስሁት ብርጭቆዬን ባዶ ካደረግሁ በኋላ ነው።