«ፈጣን ባቡር» የሚባለው የትኛው ነው?

ፈጣን ባቡር ሲባል ብዙዎቻችን ዓይናችን የሚያርፈው ሹሉ አፍንጫው ላይ ነው። ዋናው ነገር ግን ሀዲዱ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ፣ አዲስ የተዘረጋ መስመር ከዚህ ጎራ የሚመደበው በሰዓት 250 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ለማስኬድ ከተሠራ ነው። ነባር መስመር ታድሶ ከሆነ 200 ገደማ ይበቃዋል።

ግራ የሚያጋባው አንዱ ባቡር በሁለት ዓይነት ሀዲድ ላይ ሲሄድ ነው። የሞሮኮውን አል ቡራቅ እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2018 ሥራ የጀመረው ይህ ባቡር ከታንጀር እስከ ኬኒትራ በ320 ይከንፋል። ከኬኒትራ ወዲያ፣ ወደ ራባትና ካዛብላንካ የሚዘልቀው በነባሩ ሀዲድ ላይ ስለሆነ ፍጥነቱ በግማሽ ይወርዳል። ባቡሩ ያው ነው፤ ተሳፋሪውም ከወንበሩ አልተነሳም። ስለዚህ ማስታወቂያ ላይ «320» የሚል ሲያዩ «ከየት እስከ የት?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ይህን ዘዴ ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ በፓሪስ–ሊዮን መስመር ሠርታበታለች። ባቡሮቿ በነባሩ ሀዲድ መሀል ከተማ ያሉት ጣቢያዎች ድረስ ስለሚገቡ ወጪ ቆጥባለች፤ ብልህ ውሳኔ ነው። ጃፓን ግን ነባር ሀዲዷ ጠባብ ስለነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1964 ለተከፈተው የቶኪዮ–ኦሳካ ፈጣን ባቡር (ሺንካንሰን) ሰፋ ያለ፣ ራሱን የቻለ መስመር ዘረጋች።

የእኛው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡርስ? በኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ ዘመናዊ ነው። ለመንገደኛ የተነደፈበት ፍጥነት ግን 120 ስለሆነ እዚህ ምድብ ውስጥ አይገባም።