ያልሞተ ተክል አትጣሉ፦ ስለ አኳሪየም ተክሎች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«በገዛሁት በሳምንቱ ቅጠሉ በስብሶ ቀለጠ፤ የሞተ ተክል ነው የሸጡልኝ።» ከአያት እስከ ሱሉልታ፣ አዲስ አኳሪየም (የዓሣ መስታወት ገንዳ) በተሞላ ቁጥር ይህ ቅሬታ አይቀርም። አማዞን ስዎርድ የተባለው ተክል ተነቅሎ ቆሻሻ ውስጥ ይገባል፤ ሌላ ይገዛል፤ እሱም ይቀልጣል። አብዛኛውን ጊዜ ግን የተጣለው ተክል በሕይወት ነበረ።

ለገበያ የሚቀርቡት ብዙዎቹ ተክሎች የሚያድጉት ሥራቸው ረጥቦ ቅጠላቸው አየር ላይ ሆኖ ነው። እንዲህ ሲሆን ቶሎ ይፋፋሉ፣ አልጌ የሚባለው አረንጓዴ አተላም አይዛቸውም። የአየር ላይ ቅጠል ወፍራምና በስስ ሰም የተሸፈነ ስለሆነ ውሃ ውስጥ ሲገባ እንደ ልቡ መተንፈስ አይችልም። ተክሉም አሮጌውን ቅጠል ይተወውና ስስ የውሃ ቅጠል ማውጣት ይጀምራል። ይህ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይፈጃል። ክሪፕቶኮራይን የሚባለው ተክል ደግሞ ይብሳል፤ ውሃ ውስጥ የኖረው እንኳ ቦታው ሲቀየር ቅጠሉን በሙሉ ሊያራግፍ ይችላል።

ስለዚህ ሳትነቅሉ ጠጠሩን በጣት ገለጥ አድርጉና የግንዱን መነሻ ጫን በሉት። ጠንካራ ከሆነ ደህና ነው። ከላመና ከሸተተ ያኔ ጣሉት። ደህና ከሆነ የቀለጠውን ቅጠል ከሥሩ በመቀስ ቁረጡ (ሲበሰብስ ዓሣ የሚመርዝ አሞኒያ ይለቃል)፣ ከዚያ እጃችሁን ሰብስቡ። ጥፋቱ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፤ ሰው ይደነግጥና ተክሉን ወደ ሌላ ጥግ ያዛውራል፣ ውሃውን ይደፋል፣ ማዳበሪያ በእጥፍ ይጨምራል። በተነቀለ ቁጥር ሳምንታቱ እንደ አዲስ ይቆጠራሉ። የሚያሳስበው ውሃ ውስጥ የበቀለው አዲሱ ቅጠል ሲታመም ነው። አዲሱ ነጣ ካለ ብረት ጎድሎታል፤ አሮጌው ቀዳዳ ካወጣ አብዛኛውን ጊዜ ፖታሲየም፣ አሮጌው በሙሉ ቢጫ ከሆነ ናይትሮጅን።

አኑቢያስና ጃቫ ፈርን ከበሰበሱ ግን ምናልባት ቀብራችኋቸዋል። «ተክል ሁሉ ጠጠር ውስጥ ይተከላል» ያለው ማን ነው? ዝንጅብል የሚመስለው አግድም ግንዳቸው ከተቀበረ ይበሰብሳል። በጥጥ ክር ድንጋይ ላይ እሰሩት፤ ሥሩ ራሱ ቆንጥጦ ይይዛል።

«ፀሐይ እንዲያገኝ መስኮት ሥር ይቀመጥ።» አልጌ ማርባት ከፈለጋችሁ አስቀምጡት። በቀን ከ6 እስከ 8 ሰዓት የኤልኢዲ መብራት ይበቃል። መብራቱን በሰዓቱ የሚያበራና የሚያጠፋው፣ በእጅ የሚዞረው ታይመር ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ አብሮ ይቆማል፤ በሳምንት ሦስት ጊዜ ሁለት ሁለት ሰዓት ከተቋረጠ፣ ምሽት 2 ሰዓት ሊጠፋ የተሞላው እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ያበራል። ባትሪ ያለውን ግዙ።

«ተክል ኦክስጅን ስለሚሰጥ ፓምፕ አያስፈልግም።» ቀን ይሰጣል፤ ሌሊት እንደ ዓሣው ይወስዳል። በ2,400 ሜትር ከፍታ የአየር ግፊቱ ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል ስለሚያንስ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅንም ያንሳል፤ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሊትር 8 ሚሊግራም ገደማ የሚሆነው እዚህ ወደ 6 ይወርዳል። ሌሊት ኤሌክትሪክ ከተቋረጠ ደግሞ ፊልተሩም ይቆማል። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ይኑራችሁ።

«የጓሮ አፈርና ትንሽ ፍግ ያፋፋዋል።» ፍጉ አሞኒያ ይለቅና ዓሣውን ይፈጃል። የታጠበ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ጠጠር በ6 ሴንቲሜትር ውፍረት ይነጠፍ፤ ማዳበሪያው ሥሩ አጠገብ የሚቀበር ታብሌት ይሁን። ከግንባታ ቦታ ባመጣችሁት ጠጠር ላይ መጀመሪያ አቼቶ ጠብ አድርጉበት፤ አረፋ ካወጣ ኖራ ስላለበት ይቅር።

«ውሃው በየሳምንቱ ሙሉ በሙሉ ይቀየር።» አይቀየር። ሩቡ ይበቃል። አሞኒያውን የሚያስወግዱት ባክቴሪያዎች ጠጠሩና የፊልተሩ ስፖንጅ ላይ ነው የሚኖሩት፤ ለመደርጀትም ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስድባቸዋል። ስፖንጁን ቧንቧ ሥር ሳይሆን ከአኳሪየሙ በቀዳችሁት ውሃ እጠቡት።

«ሮቶ ውስጥ የቆየ ውሃ ክሎሪን የለውም።» ሮቶው ክዳን አለው። በባልዲ ቀድታችሁ 24 ሰዓት ክፍቱን አቆዩት። ጠዋት የሮቶ ውሃ በረዶ ነው፤ ሙቅ ጨምራችሁ ከአኳሪየሙ ጋር ያለውን ልዩነት ከ2 ዲግሪ በታች አድርጉት።

የቆረጣችሁትንም ወንዝ ውስጥ አትጣሉ። ወራሪው የውሃ አረም እምቦጭ በቆቃና በአዋሽ ከታየበት ከ1965 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ እየተዛመተ በ2011 (እ.ኤ.አ.) ጣና ላይ ታይቷል። ፀሐይ ላይ አድርቁትና ለጓሮው ጎመን ስጡት።