ስለ ሶሻል ሴኩሪቲ የሚወራውና እውነታው፦ የዲሰብሊቲና የሟች ቤተሰብ ክፍያ

አሜሪካ ባለን ሐበሾች ዘንድ ስለ ሶሻል ሴኩሪቲ፣ ማለትም ከሠራተኛ ገቢ በሚቆረጥ ታክስ ስለሚከፈለው የመንግሥት ክፍያ፣ ብዙ ይወራል። ደጋግሜ ከምሰማቸው ጥቂቶቹን ላንሳ።

«የሽማግሌ ጡረታ ነው።»

ጡረታ ብቻ አይደለም። የሟች ቤተሰብ ክፍያ በ1939፣ የዲሰብሊቲው (በሕመም ወይም በጉዳት መሥራት ላልቻለ የሚከፈለው) በ1956 በወጣ ሕግ ተጨምረውበታል። ከደመወዝ የሚቆረጠው 6.2 በመቶና አሠሪው የሚጨምረው ያንኑ ያህል ለእነዚህም ይውላል። አባት በወጣትነቱ ቢሞት 18 ዓመት ያልሞላቸው ልጆቹ (ሃይስኩል ላይ ያለ እስከ 19) እያንዳንዳቸው እስከ 75 በመቶ የሚሆነውን የአባታቸውን ክፍያ ያገኛሉ። ከ16 ዓመት በታች የሆነ ልጁን የምታሳድግ ሚስቱም ዕድሜዋ ምንም ቢሆን እንዲሁ። የቤተሰቡ ድምር ግን ጣሪያ አለው፤ ከአባትየው ክፍያ ከ150 እስከ 180 በመቶ ገደማ ነው።

«አሥር ዓመት ያልሠራ ሰው ቤተሰቡ ምንም አያገኝም።»

ከሁሉም የሚጎዳው ወሬ ይህ ይመስለኛል። ሟቹ በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት 6 ክሬዲት (ሠርቶ ባገኘው ገቢ የሚያዝለት ነጥብ)፣ ማለትም የአንድ ዓመት ተኩል ሥራ ካለው፣ ልጆቹና የሚያሳድጓቸው እናት ሊከፈላቸው ይችላል። በ2025 አንድ ክሬዲት 1,810 ዶላር ገቢ ይጠይቅ ነበር፤ በዓመት ከ4 በላይ አይያዝም።

«ኡበርም ታክሲም ብነዳ ያው ይቆጠርልኛል።»

ይቆጠራል፤ የሚቆጠረው ግን ወጪ ተቀንሶ የተረፈው ነው። ለሾፌር ከገቢው ላይ የሚቆርጥለት አሠሪ የለም፤ መዝገቡ የሚሞላው ራሱ ባስገባው ታክስ ነው። በዓመት 60,000 ዶላር አስገብቶ ማይሉን፣ ኮሚሽኑን፣ ሌላውንም ወጪ ሲቀንስ 6,000 የቀረለት ሾፌር በ2025 ስሌት 3 ክሬዲት ብቻ ይያዝለታል፤ ነገ ቢታመም ወይም ቢሞት ክፍያው ሲሰላም ያ ዓመት የሚታሰበው በዚያች በ6,000 ገደማ ነው። ሕጋዊ ወጪን መቀነስ መብት ነው፣ ማንም አይከለክልም። ግን «ታክስ ሠሪው ዜሮ አወጣልኝ» ብሎ የሚደሰት ሰው፣ ያ ዓመት በሶሻል ሴኩሪቲ መዝገቡም ዜሮ መሆኑን ይወቅ። ታክስ ሳያሳውቅ የቀረ ደግሞ ዓመቱ ካለቀ ከ3 ዓመት ከ3 ወር ከ15 ቀን በኋላ ቢያስገባ በአብዛኛው ክሬዲት አይሰጠውም። «ማይ ሶሻል ሴኩሪቲ» የሚባለውን አካውንት ከፍቶ የየዓመቱን ገቢ ማየት ይቻላል።

«ፊውነራል ሆሙ አሳውቋል፣ ገንዘቡ ራሱ ይመጣል።»

ፊውነራል ሆሙ የሚያሳውቀው ሞቱን ነው፤ ማመልከቻ አያስገባም። እኛ ደግሞ «አርባው ይውጣ»፣ ከዚያ «ዓመቱ ይድረስ» እንላለን። የልጆችና የእናታቸው ክፍያ ወደ ኋላ የሚታሰበው ቢበዛ ለ6 ወር ነው፤ ከዚያ ያለፈው ቀረ ማለት ነው። በ1-800-772-1213 ደውሎ የአማርኛ አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል፣ አስተርጓሚው በነፃ ነው። ለቀብር ተብሎ የሚታሰበው የአንድ ጊዜ ክፍያ 255 ዶላር ብቻ ስለሆነ አስከሬን አገር ቤት ለመላክ ተስፋው ያው ዕድር ነው።

«ዲሰብሊቲ ለግማሽ ጉዳትም ይከፍላል።»

አይከፍልም። ሕመሙ ቢያንስ 12 ወር የሚቆይ ወይም ለሞት የሚያደርስ፣ ደህና ገቢ የሚያስገኝ ሥራ ሁሉ የሚያስቀር መሆን አለበት። የመጀመሪያዎቹ አምስት ወራትም አይከፈሉም። ብዙ ማመልከቻ መጀመሪያ ላይ ውድቅ ይደረጋል፤ ይግባኙ በ60 ቀን ውስጥ ነው። ተስፋ ቆርጦ በኋላ እንደ አዲስ የሚያመለክት ሰው የመጀመሪያ ማመልከቻውን ቀን ሊያጣ ይችላል።

«ግሪን ካርድ ያለው አያገኝም።»

በሕጋዊ ፈቃድ ሠርቶ ክሬዲት ከሞላ ዜግነት አይጠየቅም። የሚከብደው አገር ቤት ያለው ቤተሰብ ጉዳይ ነው። አሜሪካ ኖራ የማታውቅ፣ ዜግነቱም የሌላት ሚስት፣ አዲስ አበባ ሆና የባሏን ክፍያ መቀበል በአብዛኛው አትችልም፤ ቢያንስ አምስት ዓመት አሜሪካ መኖር ይጠየቃል። ልጁ አሜሪካዊ ዜጋ ከሆነ ግን ይህ ገደብ እሱን አይመለከተውም።