«ስንት ቋንቋ ትችላለህ?»

ሥነ ልሳንን ማይነር (ከዋናው ትምህርቴ ጎን የምወስደው ንዑስ የትምህርት ዘርፍ) አድርጌ መያዜን የሰማ ሰው፣ ባሕር ዳር ውስጥ ቡና ላይም ይሁን ሠርግ ላይ፣ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ይህንን ነው። «አንድ ተኩል» እላለሁ፤ ግማሿ እንግሊዝኛ ናት። ሥነ ልሳን የቋንቋን አሠራር መመርመሪያ እንጂ ቋንቋ መልመጃ አይደለም። የልብ ሐኪምን ስንት ልብ አለህ የሚለው የለም።

«ስንሳሳት ልታርመን ነዋ!» የሚሉም አሉ። አላርምም። የጎጃም ዘዬ የአዲስ አበባው ብልሽት አይደለም፤ የራሱ ሥርዓት አለው።

ይበልጥ የሚያናድደኝ «ፊደል የሌለው ቋንቋ፣ ቋንቋ አይባልም» የሚለው ነው። ንግግር ከጽሕፈት ይቀድማል። የምንኮራበት ፊደላችን እንኳ የምንናገረውን ሁሉ አይጽፍም። ጣና ዳር «ዋና ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ተተክሏል እንበል፤ አንድ ግቢ ላይ ደግሞ «ዋና በር» ተጽፏል። ጮክ ብላችሁ አንብቧቸው። በሩ ላይ «ና» ይጠብቃል፤ ውኃው ላይ ይላላል። አጻጻፉ ግን አንድ ነው። «ሰፊ» ስንል ልብስ የሚሰፋውንና ጠባብ ያልሆነውን የምንለየውም በዚሁ ነው። ከሕፃንነቴ ጀምሮ ሳልሳሳት የኖርሁበትን ሕግ መኖሩን ያወቅሁት ክፍል ውስጥ ነው፤ ትንሽ አፍሬያለሁ።

«አማርኛ የግእዝ ልጅ ነው» የሚለውን መንካት ጠብ ያመጣል፤ ቢሆንም ልንካው። ዝምድናቸው አያከራክርም፤ ሁለቱም ሴማዊ ከሚባለው የቋንቋ ቤተሰብ ናቸው። የሥነ ልሳን ምሁሩ ሮበርት ሄትዝሮን እ.ኤ.አ. በ1972 ባወጣው የኢትዮጵያ ሴማዊ ቋንቋዎች አመዳደብ ግን ግእዝ ከትግርኛና ከትግረ ጋር በሰሜኑ ቅርንጫፍ፣ አማርኛ በደቡቡ ይውላሉ። የቅርብ ዘመድ እንጂ እናትና ልጅ አይደሉም ማለት ነው። ግእዝ «በልዐ ብእሲ ኅብስተ» ብሎ ግሱን ያስቀድማል፤ እኛ «ሰውየው ዳቦ በላ» ብለን መጨረሻ ላይ እናሳርፈዋለን። ከእንጅባራ የመጣ የክፍል ጓደኛችሁን በአዊኛ እንዲለው ጠይቁት፤ ኩሺቲክ ከሚባለው ሌላ የቋንቋ ቤተሰብ ቢሆንም ግሱን እንደኛው መጨረሻ ያደርገዋል። ብዙ ምሁራን ይህን የአማርኛ ጠባይ ከኩሺቲክ ጎረቤቶቹ ጋር አብሮ በመኖር የመጣ ነው ይሉታል።

«ማይነር ማሟያ ነው» ለሚለው ብዙ አልከራከርም። የፊደል ማረሚያ ሶፍትዌር ሊሠራ የተቀመጠ የኮምፒውተር ተማሪ ጓደኛዬ ግን አንድ ማታ «አልመጣችላቸውም»ን ይዞ ዶርሜ ድረስ መጣ። በወረቀት ላይ በጣጠስንለት፦ አል፣ መጣ፣ ች፣ ላቸው፣ ም። «ይህ ሁሉ አንድ ቃል ነው?» አለኝ። በማግስቱ ሌላ ይዞ ተመለሰ።