ስለ አንጀት ተውሳክና ስለ ሰገራ ምርመራ፦ መስማት የሰለቸኝ ስህተቶች

ላቦራቶሪ የሚሠራ ሰው ስልኩ በሆድ ጥያቄ የተሞላ ነው። መጠየቁስ ጥሩ ነበር። የሚያስቸግረው ጠያቂው መልሱን ቀድሞ ወስኖ መምጣቱ ነው። እስቲ ትናንሾቹን ስህተቶች ቶሎ ቶሎ ላራግፋቸው።

«ጣፋጭ ስለሚያበዛ ትል አፈራ።» ስኳር ትል አይወልድም። ወስፋት የሚይዘን እንቁላሉን ከምግብ፣ ከውሃ ወይም ከቆሸሸ እጅ ጋር ስንውጠው ነው።

«በእንቅልፉ ጥርሱን ያፋጫል፤ ትል አለበት።» ትል የሌለባቸው ልጆችም ያፋጫሉ። በቃ።

«ወስፋት ካለበት ልጅ ጋር ስለተኛ ይዞበት ነው።» አይደለም። ከሰው የወጣ የወስፋት እንቁላል አፈር ውስጥ ከ18 ቀን እስከ በርካታ ሳምንት ካልቆየ ማንንም አይዝም።

«እጄን በአልኮል አጸዳለሁ፣ ውሃዬም ክሎሪን አለው።» አልኮል ተቅማጥ የሚያመጡትን ጥቃቅን ተውሳኮች፣ የጃርዲያንም የክሪፕቶስፖሪዲየምንም፣ ቅርፊት አይበሳም። እጅ በሳሙናና በውሃ ይታጠብ። ክሪፕቶስፖሪዲየም ክሎሪንንም ይቋቋማል። እ.ኤ.አ. በ1993 አሜሪካ ውስጥ፣ ሚልዋኪ ከተማ፣ 400 ሺህ ገደማ ሰው የታመመው ክሎሪን ከገባበት የቧንቧ ውሃ ነው። ውሃው ካጠራጠራችሁ አፍሉት።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ደሜን የምታፈላው ዓረፍተ ነገር ይህች ናት፦ «ሰገራዬ ታይቶ ምንም የለም ተብያለሁ።»

ማነው ምንም የለም ያለው? እኛ ማይክሮስኮፕ ስር የምናየው አንጀታችሁን አይደለም። ካመጣችሁት ናሙና ላይ የተነሳች፣ የክብሪት ጭንቅላት የምታህል፣ 2 ሚሊግራም ገደማ የምትመዝን ቅንጣት ነው። «አልታየም» ብለን የምንጽፈው ስለዚያች ቅንጣት ነው። ሰውየው ግን ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ይከትና ለወራት ይጠቅሰዋል።

ጃርዲያን ውሰዱ። በየቀኑ አይወጣም። ዛሬ ሞልቶ ይታያል፣ ነገ ይጠፋል፣ ከነገ ወዲያ ይመለሳል። ሐኪም በተለያየ ቀን የተሰጠ 3 ናሙና በ10 ቀን ውስጥ የሚያዘው ለዚህ ነው። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ሰጥቶ ይጠፋል።

ወስፋት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። አንዲት ሴት ወስፋት በቀን እስከ 200 ሺህ እንቁላል ትጥላለች። ስለዚህ መጣል ከጀመረች ማግኘቱ ብዙም አይከብድም። ግን የምትጀምረው ሰውየው ከተያዘ ከ2 እስከ 3 ወር በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ብትመረመሩ ትሉ እያለ እንቁላል የለም። አንጀት ውስጥ ያሉት ወንድ ብቻ ከሆኑም እንቁላል የሚባል ነገር አናይም።

አሜባስ? በፈሳሽ ሰገራ ውስጥ ሲንቀሳቀስ የሚታየው አሜባ ከወጣ በኋላ ዕድሜው አጭር ነው። በ30 ደቂቃ ውስጥ መታየት አለበት። ሰዎች ግን ማታ የያዙትን ጠዋት፣ ያውም በፌስታል ጠቅልለው ያመጣሉ። ከዚያ «ላቦራቶሪው አይረባም» ይባላል። የማይረባው ናሙናው ነው! ሽንት ከነካው አሜባውን ይገድለዋል። ከመጸዳጃ ቤት ውሃ ውስጥ የተቀዳ ከሆነ ደግሞ ውሃው ውስጥ የሚኖሩ ሌሎች ፍጥረታት ገብተው ያሳስቱናል። ዕቃው ንጹህ፣ ደረቅና ክዳን ያለው ይሁን። ደም ወይም ንፍጥ ያለበት ቦታ ካለ ከዚያው ውሰዱ። ሰገራው ፈሳሽ ከሆነ እዚያው ጤና ተቋሙ ስጡ። ሰሞኑን አንቲባዮቲክ ወስዳችሁ ከሆነም ተናገሩ፤ ተውሳኩን ለጊዜው ሊደብቀው ይችላል።

አንዲት እናት ልጇ ሌሊት ሌሊት መቀመጫውን እያሳከከው እንቅልፍ አጥቶ፣ ሰገራው ተደጋግሞ ታይቶ «የለም» እየተባለች መጣች። ይሄ ልጅ የሰገራ ምርመራ አያስፈልገውም። ነጭ ክር የሚመስሉት ትናንሽ ትሎች እንቁላላቸውን የሚጥሉት ሌሊት ወጥተው ፊንጢጣ ዙሪያ ነው፤ ሰገራ ውስጥ እምብዛም አይገኝም። ጠዋት ልጁ ሳይታጠብ፣ ሽንት ቤትም ሳይገባ፣ ግልጽ ስኮች ቆዳው ላይ ለጠፍ አድርጋ አንስታ ስላይድ (የማይክሮስኮፕ መስታወት) ላይ ለጥፋ እንድታመጣ ነገርኳት። ሦስት ጠዋት በተከታታይ ነው የሚደረገው። የእሷ ልጅ ግን በመጀመሪያው ስላይድ እንቁላሉ ተደርድሮ ታየ። ቤት ውስጥ ናሙና መውሰድ ከተባለ እኔ ከሁሉም የማምነው ይህን ነው።

በጣም የምፈራው ስትሮንጂሎይደስ የሚባለውን ትል ነው። እጮቹን (ገና ያላደጉ ትሎቹን) የሚጥለው በጥቂቱ ስለሆነ የተለመደው ምርመራ ያልፈዋል። ሰውየውን ከውስጥ መልሶ እየያዘ ለአሥርት ዓመታት ሊኖር ይችላል። ችግሩ የሚፈነዳው ሰውየው ለሌላ በሽታ እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ፣ የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክም መድኃኒት ሲሰጠው ነው። ትሉ በሰውነቱ ሁሉ ተሰራጭቶ ሊገድለው ይችላል። የሰገራ ወረቀቱ ግን «ነፃ» ነው የሚለው።

ታዲያ ሰው ይህን ሲሰማ «የቤት ኪት (ራስን መመርመሪያ ዕቃ) ልግዛ፤ እሱ ሁሉንም ያያል» ይላል። አያይም። ኪት የተሠራለትን ብቻ ነው የሚያየው። የጃርዲያ ኪት ወስፋትን አያውቅም። በፖስታ ተልኮ የተውሳክ ዘረመል የሚፈትሸው ዓይነት በተቃራኒው ከሚገባው በላይ ያያል። ከታከማችሁ በኋላም የሞተውን ርዝራዥ ይዞ «አለ» ሊላችሁ ይችላል። ብላስቶሲስቲስ የሚባለውን ጥቃቅን የአንጀት ተውሳክ ሲያገኝ ደግሞ ሰው ይደነግጣል፤ ምንም የማያማቸው ብዙ ሰዎች ይዘውት የሚዞሩት ነገር ነው። የጨጓራ ባክቴሪያው፣ ኤች ፓይሎሪ፣ መጀመሪያውኑ ተውሳክ አይደለም። ከጣት ደም የሚሠራው ኪት የሚፈልገው አንቲቦዲ፣ ማለትም ሰውነት ባክቴሪያውን ለመከላከል የሚሠራውን ነገር ነው፤ አንቲቦዲ ደግሞ ድናችሁም ለረጅም ጊዜ ይቆያል። «መድኃኒት ወሰድኩ፣ አሁንም አለብኝ» እያላችሁ ኪት አትደጋግሙ። ከሕክምና በኋላ የሚሆነው የሰገራ አንቲጅን (የባክቴሪያው የራሱ ቁራጭ) ወይም የትንፋሽ ምርመራ ነው፤ እሱም አንቲባዮቲኩ ካለቀ ቢያንስ 4 ሳምንት፣ የአሲድ መቀነሻው ከቆመ 2 ሳምንት ቆይቶ።

እኛም ብንሆን የምናሳስትበት ቦታ አለ። «አሜባ አለብህ» ከተባለው ሰው ስንቱ በእርግጥ አለበት? በሽታ የሚያመጣው አሜባ ሂስቶሊቲካና ጉዳት የሌለው አሜባ ዲስፓር ማይክሮስኮፕ ስር ሲስታቸው (ቅርፊት የለበሰው መልካቸው) አይለይም። ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች መሆናቸው በይፋ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። አሜባው ቀይ የደም ሴል ውጦ ካልታየ በቀር መለየት የሚቻለው በአንቲጅን ወይም በዘረመል ምርመራ ነው።

የተውሳክ መድኃኒትም ሁሉን አይጠርግም። ለአሜባ የሚሰጠው ሜትሮኒዳዞል ወስፋትን አይነካም። የትል መድኃኒቱ አልቤንዳዞል አንድ ፍሬ አሜባን አይገድልም። ለቢልሃርዚያና ለኮሶ ትል የሚታዘዘው ፕራዚኳንቴል ነው። አሜባ በሜትሮኒዳዞል ሲታከም ደግሞ አንጀት ውስጥ የቀረውን ሲስት የሚያጠፋ ሁለተኛ መድኃኒት ይከተላል። «ተሻለኝ» ብሎ እሱን የሚተወው ብዙ ነው።

አንጀት ማጠቢያ ተጠቅሞ የወጣውን «ረጅም ትል» በጠርሙስ ይዞ የመጣም አጋጥሞኛል። ንፍጥ ነበር። ማጠቢያው ራሱ ነው እንዲያ አድርጎ የሚያወጣው። ሰውየው ግን እስካሁን አኩርፎኛል።

ሰገራ ደም ካለው፣ ትኩሳት ካለ፣ ክብደት እየቀነሰ ከሆነ፣ ወይም የታመመችው እርጉዝ ከሆነች ኪቱን ተዉትና ሐኪም ጋ ሂዱ። ሕፃን ካስቀመጠው ደግሞ ምርመራው እስኪደርስ ኦአርኤስ ጀምሩለት፤ ጡት የሚጠባም ከሆነ አታቋርጡበት።